የወንድሜ አንገት

ወንድሜ ዬዙማ ሰው ሲጠራው አንገቱን አያዞርም ነበር። እግሩን አንስቶ፣ ደረቱንም ሆዱንም ይዞ ሙሉ ሰውነቱን ነው የሚያዞረው። የማያውቀው ሰው “ምን ያለ ኩሩ ነው!” ይላል። ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ አንገቱ ውስጥ አጥንት በቅሎበት ነው። ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አይችልም፣ ጎንበስ ብሎ የገዛ እግሩን ማየት አይችልም። ጨረቃ ማየት ሲያምረው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ በጀርባው ይተኛ ነበር።

እኔ ታናሽ እህቱ ፔላዢ ነኝ። ዴዱጉ ከተማ የማሽላ ጠላ ጠምቄ እሸጣለሁ። ምላሷ እንደ ጠላዋ ነው፣ ሲውል ሲያድር ይኮመጥጣል ይሉኛል፤ ይበሉ። የማወራችሁ ስለ ተወለድንበት መንደር ስለ ሳዎና ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በእኛ በቡዋዎች ዘንድ ጭምብል ከጫካ ይመጣል፣ ይጨፍራል፣ ወደ ጫካው ይመለሳል። በውስጡ ሰው አለ ብላ የምትናገር ሴት የለችም። እኔም ሴት ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ አላውቅም።

አባታችን ዶፊኒ ይባል ነበር። በየዓመቱ ጥጡ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ ረጅሙ ጭምብል አደባባይ በሚወጣበት ቀን፣ አባታችን ምንጊዜም “እርሻ” ይሄዳል። የጥጥ እርሻ ባዶውን ቆሞ ምን ሊሠራበት እንደሚሄድ የጠየቀው ሰው የለም። ረጅሙ ጭምብል ክብ ፊት አለው፤ ከፊቱ በላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሳንቃ ቆሞበታል፤ ከአንገቱ በታች ቀይ ቃጫ ብቻ ነው። ከበሮው ሲፈጥን ሳንቃው በአየሩ ላይ ይሽከረከራል፣ እናቴና ጎረቤቶቿ እልል ይላሉ። አመሻሽ ላይ አባታችን ከንፈሩ ቆስሎ፣ ጥርሱ መሃል ቃጫ ተሰክቶ ይመለሳል።

“እርሻ እንዴት ዋለ?” ትለዋለች እናቴ፣ ሙቅ ውሃ እያቀረበችለት።

“ደህና ዋለ።”

እንዲህ እየተባባሉ ይኖሩ ነበር፣ ሌላውም ቤት እንዲሁ ነው።

በየበጋው ታዲያ ከወንዶቹ አንዱ አንገቱ ላይ ወፍራም የቀይ ቃጫ ማሰሪያ ጠምጥሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ማሽላው እስኪበቅል ማሰሪያው አይፈታም። “ጭምብል ነክቶት ነው” ይባላል፣ በቃ። ሚስቱ ታጎርሰዋለች፣ ታለብሰዋለች፤ አንገቱን ግን አትነካም። ጭምብል የነካውን አንገት ሴት አትነካም። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች። ከዛፍ የወደቀ ወይም ከአህያ ጋሪ የተወረወረ ሰው ግን ይታሻል፤ ለእሱ ትኩስ ውሃ፣ ከካሪቴ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ቅቤና የሚጨክን እጅ ነው መድኃኒቱ።

ያን ጊዜ ዬዙማ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ለጭምብል ገና አልደረሰም። አባታችን ግን ያለው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር፤ ትዕግሥትም የለው። የወንድሞቹ ልጆች አንገታቸው እየወፈረ ሲያድጉ እያየ፣ ረጅሙ ጭምብል ከእሱ ቤት ወጥቶ ወደ እነሱ እንዳይሄድበት ይፈራ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ለዬዙማ ቅርጫት ሰጠችውና “ከኔሬው ዛፍ ላይ ፍሬ አራግፍልኝና ቶሎ ና” አለችው። የኔሬ ፍሬ ተቀቅሎ፣ ተብላልቶ ሱምባላ ይሆናል፤ እኛ አገር ሱምባላ የሌለበት ወጥ ወጥ አይባልም። ልጁ ቅርጫቱን ራሱ ላይ ደፍቶ እየዘለለ ወጣ። መንገድ ላይ አባቱ አገኘውና ወደ ጫካው ይዞት ገባ።

እዚያ የሆነውን እኔ የሰማሁት ሁለታችንም ካረጀን በኋላ ነው። እናንተ ግን አሁኑኑ ስሙት፤ በመደበቁ የተጠቀመ ሰው አላየሁም።

አባቱ ጭምብሉን ከተቀመጠበት አወጣና ራሱ ላይ ጫነለት። ከውስጥ በኩል ወፍራም ገመድ አለው፤ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ያ ገመድ በጥርስ ሲነከስ ነው።

“ንከስ!” አለው። “ጥርስህን ግጠም! ምንም ቢመጣ እንዳትለቅ!”

ልጁ ነከሰ። ቆመ። በዚያ ዕድሜው በሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎት እንደማያውቅ ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ያ ሽበታም።

“በል አሁን ዙር።”

ዞረ። ሳንቃው ዘመመ። ገመዱን ቢለቅ ኖሮ ጭምብሉ ብቻውን መሬት ይወድቅ ነበር። አባቱ አትልቀቅ ብሎታልና አልለቀቀም። ከሳንቃው ጋር አብሮ ሄደ፣ አንገቱ ከሰውነቱ ቀድሞ ተጠመዘዘ።

አባታችን ልጁን አቅፎ እዚያው ተቀመጠ። ጭምብሉ ያልደረሰ ልጅ ራስ ላይ እንደወጣ ከተሰማ ሽማግሌዎቹ ከቤታችን ይነጥቁታል። የቃጫ ማሰሪያ ቢያስርለት ማሰሪያው ራሱ ሊናገርበት ነው። ስለዚህ ልጁን አስማለው፤ ለማንም እንዳይናገር፣ በተለይ ለእናቱ። ያ ሕፃን አንገቱን ይዞ እያለቀሰ ማለ። ከዚያ አባታችን ሳሩ ላይ የተንከባለለውን ባዶ ቅርጫት አየ፣ ውሸቱንም እዚያ ውስጥ አገኘው።

“ከኔሬው ወደቀ” አላት እናቴን፣ ልጁን ተሸክሞ ደጃፍ ሲደርስ።

እናቴ ማሁን ራሷን ይዛ ጮኸች። “እኔ ነኝ የላክሁት! እኔ ነኝ የላክሁት!” ከዚያ ቀን እኔ የማስታውሰው ይህንን ጩኸት ብቻ ነው።

በማግስቱ ማሸት ጀመረች። ንጋት ላይ ውሃ ታፈላለች፣ ጨርቅ ነክራ ትተኩሰዋለች፣ መዳፏን በካሪቴ ቅቤ አርሳ እብጠቱን በአውራ ጣቷ ትደፈጥጠዋለች፣ ከዚያ አገጩን ይዛ ወዲህና ወዲያ ትጎትተዋለች። እናቴ ማሽላ የምትወቅጥ ሴት ናት፤ እጇ እጅ ነው።

“እማዬ በቃ! እማዬ በናትሽ!”

“ቻለው የኔ ጌታ። ደም ረግቶ ነው። ዝም ካልሁት ደርቆ ይቀርብሃል።”

እሱ ያለቅሳል፣ እሷም እያሸች ታለቅሳለች፣ እኔም ምንጣፌ ላይ ሆኜ አለቅሳለሁ። አባታችን ደጅ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ቀን ብቻ ብቅ አለ።

“ተይው እስቲ” አላት። “ለትንሽ ጊዜ አይነካ።”

“ለምን ሲባል?”

ለምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የገዛ አንገቱ በወጣትነቱ በቃጫ ታስሮ ከርሞ ነው የዳነው።

“እንዲሁ ነው” አለ።

“እንዲሁ? አንተ ነህ ያማጥከው? ከዛፍ የወደቀ ሰው ሳይታሽ ሲድን የት አየህ? ሂድ ወዲያ፣ ውሃው ይቀዘቅዝብኛል!”

ዶማውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በማሸቱ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም። አባቴ ነው፣ አፈር ይቅለለው፤ ግን ያችን “እንዲሁ ነው” እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩለትም።

እብጠቱ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ጠጠር አለ። ማሽላው ሲታጨድ ከጆሮው ግርጌ እስከ ትከሻው ድረስ ድንጋይ የተቀበረበት ይመስል ነበር። እሱ በጠጠረ ቁጥር እሷ ጉልበት ትጨምራለች። “ዛሬ ትንሽ ላላ፣ አይደል?” ትለዋለች፤ ልጁም “አዎ እማዬ፣ ላላ” ይላታል። በዓመቱ ሕመሙ ተወው፤ አንገቱም መንቀሳቀሱን ተወ። ያን ጊዜ ማሸቱን አቆመች። መዳፏን አንገቱ ላይ ማሳረፍ ግን አልተወችም። በየማለዳው “እንዴት አደርክ” ስትለው እጇ እዚያች ጉብታ ላይ ነው፤ ጢም ሲያበቅልም፣ ሲሸብትም።

ሱምባላ ያን ዓመት ከቤታችን ወጣ። እናቴ አልሠራም አለች፣ ከሰው ቤትም ቢሆን አልቀምስም አለች። ወጣችን የሚጣፍጠው ከሱቅ በሚገዛ የማጣፈጫ ኩብ ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቿ “ማሁን የነጮች ወጥ ጀመረች” እያሉ ሲስቁባት ትሰማለች። ለምን እንደተወችው አንድም ቀን ነግራን አታውቅም፤ በኔሬው ሥር ስታልፍ ፊቷን ስታዞር ግን አይቻታለሁ።

ዬዙማ አድጎ ብስክሌት ጠጋኝ ሆነ። አራሽ ጎንበስ ይላል፣ ሸማኔ እግሩን ያያል፤ እሱ ሁለቱንም አይችልም። መላ መታና ብስክሌቶቹን ከኔሬው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ እየሰቀለ ዐይኑ ትክክል አድርጎ ይጠግን ጀመር። ከሩቅ ስትመጡ ዛፉ ብስክሌት ያፈራ ይመስላል። ዋናው ደንበኛው ከብት አርቢው ሳምቦ ነበር፣ ፉላኒ። ፉላኒና እኛ ስንገናኝ መሰዳደብ ልማዳችን ነው፤ የተቆጣ ሰው ነው የሚታፈርበት።

“አንተ ምሰሶ!” ይለዋል ሳምቦ ገና ከመንገድ ላይ። “ዞር በላ፣ ሰላም ልበልህ! ወይስ መንደሩን ሁሉ ይዘህ ነው የምትዞረው?”

“አንተ እርጎ ላሽ! ላሞችህን ትተህ ብስክሌቴን ልትሰርቅ መጣህ?”

“የገዛ ብስክሌቴ ነው ልጄ!”

“ፉላኒ ብስክሌት ከየት አምጥቶ? ላም ወለደችልህ?”

ወንድሜ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሳምቦ ሲመጣ እናቴም ከደጇ ሆና ትስቃለች። ዬዙማ ግን ሚስት አላገባም። አንድ ጊዜ ጀምሮ ነበር፤ የልጅቷ አያት ፊት ቀርቦ አንገቱን ሳይሰብር ሰላም ቢል “ይሄ ሳይሰጡት ጌታ የሆነ ነው” ተባለ። ሊያስረዳ አልሞከረም።

አባታችን የሞተ ጊዜ ረጅሙ ጭምብል ለቀብሩ ወጣ፤ ያጎታችን ልጅ ዕለቱን “እርሻ” ሄዶ ነበር። ዬዙማ ረጅም ነገር ለማየት ከፈለገ መራቅ አለበት። ከሰዉ ተለይቶ ሄዶ ሄዶ ኔሬው ሥር ቆመ፣ ከዚያ ሆኖ የሳንቃውን ጫፍ አየ።

ኋላ ላይ ጣቶቹ ይደነዝዙ፣ ምግብም ጉሮሮው ላይ ይቆምበት ጀመር። እኔ ነኝ ጎትቼ ቦቦ ከተማ ሆስፒታል የወሰድኩት። ራጅ ተነሣ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንስታ አሳየችን። የአንገቱ ጀርባ ላይ ነጭ ቅርንጫፍ የመሰለ ነገር አለ።

“ይሄ ሥጋ መሆን ነበረበት” አለች፤ “አጥንት ሆኗል። ልጅ ሆነህ አንገትህን ተጎድተህ ነበር?”

“አዎ።”

“ከዚያ በኋላ በኃይል ይታሽ ነበር?”

“ቢታሽስ?” አላት።

“ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። አንዳንዱ ግን የተጎዳ ሥጋው ሲደፈጠጥና ሲጎተት አጥንት ያበቅላል። ሳይነካ ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት እዚህ አይደርስም ነበር። ታሽቶ ነበር ወይ?”

“አልታሸም” አለ ወንድሜ።

አፌን ከፈትኩ፤ በክርኑ ጎሸመኝ። ሐኪሟ ብንቆርጠውም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፣ ከነርቩም ጋር ተጣብቋል አለችና የሚዋጥ ነገር ሰጥታ ሸኘችን።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ እንደ ልማዱ ፊት ለፊቱን እያየ፣ ጫካውን፣ ገመዱን፣ መሐላውን፣ ባዶውን ቅርጫት ነገረኝ። እኔ ሴት ነኝ፤ አልሰማሁም። ለቅሶዬን ግን መዋጥ አልቻልኩም።

“እና ለሐኪሟ ለምን ዋሸሃት?”

“እማዬን ላሳጣት? ስለ ማሸቱ እኔና አንቺ ይዘነው እንሞታለን፣ ገባሽ? እሷ ግን እድሜዋን ሁሉ ዛፉ ነው ስትል ኖረች። እኔ ነኝ የላክሁት ስትል። ይቺን ሳላነሣላት እንድትሞት አልፈልግም።”

“መሐላውስ?”

“ያስማለኝ ሞቷል” አለ። “ጭምብሉም ወደ አጎታችን ቤት ሄዷል። ምን ቀረኝ?”

አሁን የማስበውን ያን ጊዜ ሁለታችንም አላሰብነውም። አንዱ ምስጢር ሲፈታ ሌላው አብሮ እንደሚፈታ አልታየንም።

እናቴ የታመመችው በጥጥ ለቀማ ወራት ነው። ደርሼ ሳያት አልጋው ላይ ልብስ ብቻ የተጣለ ይመስል ነበር። እጇ ግን ያው ነው፣ ትልቅ። አንድ ረፋድ ሁለታችንም አጠገቧ ነበርን። ዬዙማ እንደ ሁልጊዜው በጉልበቱ ተንበርክኮ ሙሉ ሰውነቱን ወደ እሷ አዘነበለ፣ እሷም መዳፏን ጉብታው ላይ አሳረፈች።

“ይቅር በለኝ ልጄ” አለች። “ያን ቀን ባልልክህ ኖሮ ሰው ትሆን ነበር። አንድ ቅርጫት ኔሬ ብዬ።”

“እማዬ፣ ዛፍ አልወጣሁም።”

“ምን?”

“ዛፉ ጋ አልደረስኩም። አባዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። ጭምብሉን ጫነብኝ፣ አቃተኝ፣ ወደቅሁ። ከዛፍ አይደለም፤ ጭምብሉ ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ ሰማሽኝ?”

እናቴ ጣሪያውን አየች። ሴት እንዲህ ያለ ነገር ስትሰማ ጆሮዋን ልትይዝ ይገባል፤ እሷ አልያዘችም። ቀስ እያለ ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ሕፃን ሆኜ የማውቀው ፊት መጣ።

“አንድም ፍሬ አላራገፍክም?”

“አንድም።”

“እኔ እኮ ሱምባላ አፌ ሳይገባ አረጀሁ!” ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባት። “እናንተ ወንዶች! ለወጤ እንኳ አታዝኑም!” እኛም ሳቅን፣ እንባችን እየወረደ። “ፔላዢ፣ ሂጂ ከጎረቤት ሱምባላ ለምኚልኝ። ዛሬ እበላለሁ።”

ተነሣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ድምጿን ሰማሁት፤ ተለውጧል።

“ጭምብል ነው ያልከኝ?”

“አዎ እማዬ።”

“ጭምብል የነካውን አንገት ሴት አትነካም” አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። “የጎረቤቴ ባል በማሰሪያው ከርሞ ዳነ። የወንድሜም ልጅ ዳነ። ማንም አላሻቸውም።” “አባትህም ተይው ብሎኝ ነበር” አለች።

“እማዬ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።”

“ጭምብል ነው ብትሉኝ ኖሮ እጄን አላሳርፍም ነበር። እኔ ዛፍ መስሎኝ…” መዳፏ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። ጉብታውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ከጆሮው ግርጌ እስከ ትከሻው። “ወይኔ ልጄን። ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት።”

“አይደለም! ሐኪሟ ማሸቱ አይደለም ብላለች። ፔላዢን ጠይቂያት!”

እናቴ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችኝ።

“አዎ እማዬ” አልኩ። “ማሸቱ አይደለም ብላለች።”

ስዋሽ ገና ጥርስ ሳላበቅል ጀምሮ ታውቀኛለች። እጇን ከአንገቱ ላይ አነሣች፣ ሁለተኛውንም አመጣች፣ ሁለቱንም ከጋቢዋ ሥር ከተተቻቸው።

ሱምባላውን አልበላችም። ከዚያ በኋላ የቆየችው ጥቂት ቀን ነው፤ እጇን አላወጣችም። ውሃ በማንኪያ የማጠጣት እኔ ነበርኩ። ዬዙማ በየማለዳው ይመጣል፣ ይንበረከካል፣ ያንን አንገቱን አልጋዋ ጠርዝ ድረስ ያቀርብላታል፣ ይጠብቃል።

“እንዴት አደርሽ እማዬ?”

“እግዜር ይመስገን። ተነሣ ልጄ፣ ጉልበትህን ያምሃል።”

እዚያው እንደተንበረከከ ያለቅስ ነበር፤ እንባውን እንኳ ጎንበስ ብሎ መደበቅ አይችልም። ምን ያለ ቅጣት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ፤ ያሳቀፏትን ውሸት ሊያወርድላት መጥቶ እውነቱን አሸከማት። እሱን አልወቅስም። የምወቅሰው የሞተውን ነው፣ እሱ ደግሞ አይሰማኝም።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ እንዳለች ሞተች። ወንድሜ ገና ተንበርክኮ ሳለ ነው ትንፋሿ የቆመው። እኔ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ቀኝ እጇን አወጣሁት። ገና ትኩስ ነበር። ወደ አንገቱ አቀረብኩት፤ አንዴ እንኳ ይንካው ብዬ።

“ተይው” አለኝ። “እሷ አልፈለገችም።”

እጇን ወደነበረበት መለስኩት። እሱ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፣ ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ ወደ ደጅ ወጣ፣ ለሳምቦ ሊነግረው።